ሁለት ጊዜ የተሰመረበት «ኖ»

ወዳጆቹ ሚቅዳድን ጠንቃቃ ነው ይሉታል። ደግ ሰዎች ስለሆኑ ነው እንጂ ሰውየው ፈሪ ነው። ጨለማ አይፈራም፣ እባብ አይፈራም፣ ጠመንጃም አይፈራም፤ የሚፈራው ወረቀት ነው። ማኅተም ያለበት ወረቀት፣ «እዚህ ላይ ይፈርሙ» የሚል ወረቀት፣ በተለይ ደግሞ መስኮት ባለው ፖስታ የሚመጣ ወረቀት። ላስ ቬጋስ ውስጥ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሸትል መንዳት ከጀመረ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ እስከ ዛሬ አንዲት የትራፊክ ቲኬት አልተቆረጠችበትም። ባልደረቦቹ ቢጫ መብራት ሲያዩ ይፈጥናሉ፤ እሱ አረንጓዴውንም ይጠራጠራል።

ለፍርሃቱ ምክንያት አለው። ምክንያቱ ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው፣ ስሟ ዘይነባ ነው። ዲቪ ደርሶት ከመጣ በኋላ አገር ቤት ተመልሶ ነው ያገባት፤ አንድ ወር አብረው ኖሩ፣ እሱ ወደ ሥራው ተመለሰ፣ ከዚያ ኢናስ ተወለደች። ኢናስ አሁን ሦስት ዓመቷ ነው፤ አባቷን የምታውቀው በስልክ መስተዋት ውስጥ የሚኖር ሰው አድርጋ ነው። በግሪን ካርድ ሚስት ማምጣት መቼ እንደሚያልቅ የማይታወቅ ወረፋ ነው። ሲቲዝን ከሆነ ግን ወረፋው ያጥራል። ስለዚህ ሚቅዳድ ቀን ቆጥሮ ፎርም ሞላ፣ አሻራ ሰጠ፣ በመጨረሻም መስኮት ባለው ፖስታ ቀጠሮ መጣለት፤ ኢንተርቪው፣ ሐሙስ ጠዋት።

የአሜሪካን ታሪክና የመንግሥቱን ጥያቄ እንደ ውዳሴ ሸምድዶታል። እንቅልፍ የነሳው ሌላ ነው። ፎርሙ ላይ፣ «ተይዘው ባያውቁም እንኳ ወንጀል ፈጽመው ያውቃሉ?» የሚል ጥያቄ አለ። እንግዲህ ማንም ያልያዘውን ሰው ራስህን አጋልጥ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ወይ የዋህ ነው ወይ መልአክ ነው። ሚቅዳድ መልአክ ነው ብሎ ወሰደው። መቃብር ውስጥ ሁለቱ መላእክት ሙንከርና ነኪር መጥተው እንደሚጠይቁት ዓይነት ጥያቄ ነው፤ ቀኝ እጅን አንሥቶ፣ ምሎ፣ ለዚህ መዋሸት አይቻልም።

እንዲህ ያለ ሰው ኢንተርቪው አራት ቀን ሲቀረው አደን ምን አስኬደው? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

ያስኬደው አንድም ሰርፀ ነው። ሰርፀ የጉለሌ ልጅ ነው፤ ስትሪፑ ላይ ባለ ካዚኖ የእንግዳ መኪና ፓርክ ያደርጋል። ከሥራ ባልደረቦቹ አደን ለምዶ፣ ፒካፕ ገዝቶ፣ ጠመንጃ ገዝቶ፣ ቀሪው ሰው ሁሉ ለምን እሑድን ተኝቶ እንደሚያሳልፍ የማይገባው ሰው ሆኗል። ሁለተኛው ምክንያት ግን የቆየ ቂም ነው። ሐርቡ አጠገብ የነበረውን የአባቱን የማሽላ ማሳ ከርከሮ ገብቶ አገላብጦ አርሶ፣ ቤተሰቡ ያን ዓመት ከአጎት ቤት እህል እየለመነ ከርሟል። ሰርፀ «የስቴቱን ድንበር ተሻግሮ ያለ የመንግሥት መሬት አለ፤ የዱር አሳማ ወንዙን እያጠፋባቸው ስለሆነ ፈቃድ ለያዘ ሰው ግደል ብለዋል» ሲለው ሚቅዳድ ልቡ ዘለለ። ፈሪውም ለአንድ ቀን የአባቱ ልጅ ሆነ።

ለፈቃዱ የሚሰጠውን ትምህርት በሰርፀ ላፕቶፕ አብረው ወሰዱ። ሚቅዳድ የጠመንጃውን ክፍል ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አነበበ፤ ምላጩ ላይ ጣት መቼ እንደሚገባ፣ አፈሙዙ ወዴት እንደሚዞር፣ ሁሉንም። ስለ ሥጋ አያያዝ የሚያስተምረው ገጽ ሲመጣ ግን ቆዳው የተገፈፈ አሳማ ስክሪኑን ሞልቶ ብቅ አለ።

«አዑዙ ቢላህ!» ብሎ ፊቱን አዞረ። «ይኼ እኛን አይመለከትም።»

«ኔክስት ልበለው?» አለ ሰርፀ።

«በለው።»

ኔክስት አሉት። ጥፋቱ እዚያች ላይ ነው የተፈጸመው፤ የቀረው ሁሉ መዘዙ ነው።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ወንዙ ዳር ደረሱ። ጥር ነበር፤ ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሯል፣ ጥላ ያለበት ቦታ ሁሉ ነጭ ነው። ብዙም ሳይቆዩ አንድ ጥቁር አሳማ ከቁጥቋጦው ወጥቶ መሬቱን በአፍንጫው ይገለብጥ ጀመር፤ ልክ እንደዚያ እንደ ማሽላው ጊዜ። ሰርፀ ጠመንጃውን ለሚቅዳድ ሰጠው። አንድ ጥይት፤ አሳማው ሁለት እርምጃ ሄዶ ከቁጥቋጦው ጥላ ሥር ወደቀ።

ስድስት እርምጃ ያህል ርቀው ቆመው አዩት። ማንም አልቀረበም። ሰርፀ የገና ጾም ከፈታ ገና ሳምንቱ ነው፤ ጾም ባይሆንም ግን እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት አሳማ አይነካም። ሚቅዳድማ ጭራሽ! አባቱ ከርከሮ ሲገድል በረጅም እንጨት ወደ ገደል ገፍቶ ለጅብ ይተወው ነበር፤ የነካ ሰው ካለ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር አድርጎ ይታጠባል። ሃይማኖት የለያያቸው ሁለት ጓደኛሞች በአሳማ ተስማሙና ጥለውት ሄዱ። የተገደለ አሳማ ጥሎ መሄድ ጥፋት ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ በሁለቱም ጭንቅላት ውስጥ ለአፍታ እንኳ አላለፈም።

መውጫው በር ላይ አዳኞች የሚሞሉት ካርድ አለ፤ ሞልተው ከተቆለፈ የብረት ሣጥን ውስጥ ይከቱታል። ስም፣ የፈቃድ ቁጥር፣ ምን ገደሉ፣ የት ቦታ። ሰርፀ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል፤ ሚቅዳድ ግን ወረቀት በጥድፊያ አይሞላም። ስሙን አሳምሮ ጻፈ። «አሳማ፣ አንድ» አለ። የመጨረሻው መስመር «ሥጋውን ወስደዋል?» ይላል። ሚቅዳድ እስክሪብቶውን ይዞ አሰበ። ይህን ካርድ የሚያነብ ሰው ይኖራል፤ ስሙንም ያያል፤ ሙስሊም ሆኖ አሳማ ጭኖ ሄደ እንዳይባል። «ኖ» ብሎ በትልቁ ጻፈ። አሰመረበት። ትንሽ አየውና አንዴ ደገመው። ካርዱን ሣጥኑ ውስጥ ሲጥለው ሥሩ ላይ ጠብ ብሎ ሲያርፍ ድምፁ ተሰማው፤ ደስ አለው።

ሁለት ሰዓት ነድተው ሲልቬራዶ ራንች ሰፈር ያለው አፓርትማው በር ላይ ሲደርሱ ገና አልቀተረም ነበር። ሰርፀ ቀትር ላይ ሺፍት ስለነበረው አውርዶት በረረ። ሚቅዳድ ጃኬቱን ሊያጥብ ኪሱን ሲፈትሽ መግቢያው በር ላይ የተሰጣቸውን የደንብ ወረቀት አገኘ። ወረቀት ደግሞ ሳያነብ አይጥልም። ቆሞ አነበበ፤ አራተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ተቀመጠ።

«የገደሉትን አሳማ የሚበላ ሥጋ፣ ቢያንስ አራቱን እግሮችና ሽንጡን፣ በዕለቱ ከመሬቱ ማውጣት ግዴታ ነው። ሥጋውን ጥሎ እንዲበላሽ ማድረግ በወንጀል ያስቀጣል።»

መጀመሪያ የገረመው «የሚበላ» የሚለው ቃል ነው። ማን ነው የሚበላው? ቀጥሎ «ወንጀል» የሚለውን አየ። ክው አለ። ፊቱ ላይ የመጣችበት ኮምቦልቻ ያለችው ዘይነባ አይደለችም፤ የብረቱ ሣጥን ነው። ሣጥኑ ውስጥ ስሙ አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ የገዛ እጅ ጽሑፉ አለ። ሌላው ሌባ ማስረጃ ያጠፋል፤ እሱ አስምሮ አስረከበ።

ስልኩን አንሥቶ ሰርፀ ጋ ደወለ፤ በጥድፊያ ሁለት ጊዜ ሌላ ሰው ጋ ደውሎ ነበር።

«ሰርፀ፣ አሳማውን መውሰድ ነበረብን!»

«የት ነው የምንወስደው? ለማን?»

«ሕጉ ነው! ወንጀል ነው ይላል። ወረቀቱ እጄ ላይ ነው።»

«ሪላክስ አድርግ በናትህ። በረሃ ላይ ማን አየን? የዚህ አገር ቀበሮ፣ ኮዮቴው፣ ዛሬ ይጨርሰዋል።»

«ካርድ ሞልቻለሁ እኮ!»

«እና? ምን ብለህ ሞላህ?»

«ሥጋውን ወስደዋል ለሚለው ኖ አልኩ።»

«ኖ ብቻ?»

«አሰመርኩበት።»

«ስንቴ?»

«ሁለቴ።»

«ውይ ሚቅዳድ» አለ ሰርፀ፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ። «ስማ፣ እኔ አሁን ዩኒፎርሜን ለብሻለሁ። ዛሬ ከቀረሁ ያባርሩኛል። ማታ ስወጣ አብረን እንሄዳለን።»

«በሩ ፀሐይ ስትገባ ይዘጋል። ሣጥኑንም አመሻሽ ላይ ነው የሚከፍቱት። ‹በዕለቱ› ነው የሚለው፣ በዕለቱ!»

ስልኩን ዘጋው። ክፍሉ ውስጥ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ተመላለሰ። ባይሄድስ? የመሬቱ ጠባቂ፣ ሬንጀሩ፣ ካርዱን አውጥቶ ያነባል፣ ቦታው ሄዶ ያያል፣ ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤው ባይደርስ እንኳ ሐሙስ ጥያቄው አለ። አዎ ቢል ዘይነባ ቀረች። ኖ ቢል ምሎ ዋሸ። መሄዱም ሌላ ፍርሃት ነው፤ በእጁ ሊነካው ነው፣ በመኪናው ሊጭነው ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ሚቅዳድን ሁለቱም በአንድ እሑድ አገኙት።

ደግሞስ አምጥቶ የት ይጥለዋል? ያኔ ማሪቤል ትዝ አለችው። ማሪቤል ፊሊፒናዊት ናት፤ ሜዲካል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነች፣ ከሱ ቤት ፊት ለፊት ትኖራለች። አንድ ጊዜ በአሳማ የተሠራ ምግብ አምጥታለት በትሕትና መልሶባት ነበር። ከዚያ ወዲህ የምታመጣለት ሳህን ሁሉ ላይ «አሳማ የለበትም» ብላ ጽፋ ትለጥፍበታለች። አሁን እሷን በሯን አንኳኩቶ ሊጠይቃት ነው። በሯ ላይ ፊቱ በላብ ተጠምቆ ቆመ።

«ማሪቤል» አላት በእንግሊዝኛ፣ «የአሳማ ሥጋ ትፈልጊያለሽ?»

ሴትዮዋ የታመመ መስሏት ግንባሩን ልትነካው እጇን ዘረጋች። ሁሉንም ሲነግራት ግን ሁለት ትልልቅ የበረዶ ማስቀመጫ ኩለር፣ በረዶ፣ የቆሻሻ ላስቲክ፣ እስከ ክንድ የሚደርስ ቢጫ የዕቃ ማጠቢያ ጓንትና የራሷን ቢላዋ አውጥታ ሰጠችው። የሚቅዳድ ቢላዋ ለአረፋ በግ የሚያርድበት ነው፤ ቤት ቀረ። ሰባት ጋሎን ውሃ ጫነ። የሻወር መጋረጃውን ከመታጠቢያ ቤት ነቅሎ የኮሮላ መኪናውን የኋላ ዕቃ መጫኛ አለበሰበት።

ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ዘይነባ ጋ ደወለ። ልትተኛ ስትል ነው ያገኛት። ሊደብቃት አስቦ ነበር፤ ድምፁን ስትሰማ «ምን ሆነሃል?» አለችው፤ ከነማስመሩ ሁሉንም አፈረጠላት።

ዘይነባ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ፣ «አንተ፣ ብላ ያለህ አለ?» አለችው።

«የለም።»

«እንግዲያው መንካት ሌላ፣ መብላት ሌላ። ጓንት አድርግ። ከጨረስክ ሰባቴ ታጠብ፣ አንዱን በአፈር።»

«እፈራለሁ፣ ዘይነባ። ቢይዙኝስ?»

«እኔስ የማልፈራ መሰለህ?» አለችው። «ልጅህ ስልኩን እየሳመች ነው የምትተኛው። ሐሙስ የምታነሣት ቀኝ እጅ ይቺው ናት፤ ንጹሕ አድርገህ አንሣት። ሂድ አሁን።»

ሄደ። መንገዱ ላይ ከኋላው የመጣ ነጭ መኪና ሁሉ እሱን ሊይዝ የመጣ መሰለው። ፍጥነቱ ከተፈቀደው አምስት ማይል ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው ጡሩምባ ይነፋበታል። ሦስት ጊዜ መመለስ አማረው። ቦታው ሲደርስ ፀሐይ ልትገባ ሁለት ሰዓት ተኩል ቀርቷታል። ከመኪናው እስከ አሳማው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ሮጦ ሄደ። አንድ ፍርሃት ብቻ ነበረው አሁን፤ ኮዮቴ ቀድሞት እንደሆነስ? ጠዋት ለአውሬ ጥሎት የሄደውን አሳማ አሁን አውሬው እንዳይበላብኝ እያለ ፈጣሪውን ይለምናል።

አሳማው እዚያው ነበር። አንድ ቁራ ጭንቅላቱ ላይ ቆሟል፤ ዓይኑን ወስዶታል። ሌላው አካሉ ደህና ነው፤ የወደቀበት ጥላ ቀኑን ሙሉ ውርጩ ያልለቀቀው ቦታ ነበር። ሚቅዳድ ጓንቱን አጠለቀ። ቆመ። እጁ አልታዘዝ አለው። አባቱ ከጀርባው ቆሞ የሚያየው መሰለውና ዞር ብሎ አየ፤ ቁጥቋጦ ብቻ ነው። «ያ ረቢ፣ ልቤን ታውቃለህ» አለና ጎነበሰ።

ቢላዋው ቆዳውን ሲነካ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ካራ ባነሣ ቁጥር የሚለው «ቢስሚላህ» ምላሱ ላይ መጣ። «ቢስ—» ብሎ ምላሱን ነከሰ። በዚህ ላይ የአላህን ስም? ላብ ከአፍንጫው ጫፍ ተንጠባጠበ። ከዚያ በኋላ ግን እጆቹ ሥራቸውን ያዙ። በየአረፋው የላስ ቬጋስ የወሎ ልጆች በግ የሚያስበልቱት እሱን ነው፤ መጋጠሚያ የት እንዳለ ሳያይ ያውቃል። ሁለቱን ወርች አወጣ፣ ሁለቱን የኋላ እግር አወጣ፣ ሽንጡን ከአከርካሪው ላይ በስሱ አነሣ። ሲጨርስ፣ አሠራሩ ማማሩን አይቶ በልቡ ተደሰተ፤ ወዲያው በመደሰቱ ደነገጠ።

በላስቲክ እየጠቀለለ፣ በጀርባው ተሸክሞ ማመላለስ ጀመረ። በመጀመሪያው ዙር ሁለቱን ወርችና ሽንጡን፣ በሁለተኛው አንዱን የኋላ እግር ወሰደ። የመጨረሻውን እግር ተሸክሞ ከቁጥቋጦው ሲወጣ፣ ከኮሮላው ጎን አንድ ነጭ ፒካፕ ቆሟል። በሩ ላይ ማኅተም የመሰለ ምልክት አለው። አጠገቡ ዩኒፎርም የለበሰች ሴት ቆማለች፤ እጇ ላይ አንድ ካርድ ይዛለች።

ሚቅዳድ ቆሌው ተገፈፈ። የሚሮጥበት አጣ። የአሳማውን እግር ጥሎ ቁጥቋጦው ውስጥ መደበቅ አሰበ፤ ግን ከጣለው እኮ ያው ወንጀሉን ደገመው! ስለዚህ ተሸክሞ ሄደ። ዓይኑ ላይ ካቴና መጣ፣ የተዘጋ መስኮት መጣ፣ ስልክ እየሳመች የምትተኛ ልጅ መጣች። ሴትዮዋ ፊት ሲደርስ ያደረገው አንድ ነገር ነው፤ እግሩን በትከሻው ደግፎ፣ ደም የነካውን ሁለት ቢጫ ጓንት ወደ ላይ አነሣ።

«እጅህን አውርድ፣ ይወድቅብሃል» አለችው። ሸበቶ ናት፤ ፊቷን ፀሐይ አክስሎታል። «ሚቅዳድ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?» ካርዱን አዞረችለት። ኖው ከሩቅ ይታያል።

«እኔ ነኝ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ይህን ሣጥን ስከፍት ሰው እዚህ መስመር ላይ ይዋሻል። እውነቱን ጽፎ ያሰመረበት አይቼ አላውቅም። ለምን አሰመርክበት?»

ሚቅዳድ እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፋበት። ሲመጣለት ደግሞ እውነቱ ብቻ መጣ። «ሙስሊም ነኝ። ካርዱን የሚያነብ ሰው አሳማ የወሰድኩ እንዳይመስለው ብዬ ነው። አገሬ አሳማ ገድለን ጥለን ነው የምንሄደው፤ ጅብ ይበላዋል። ደንቡን ቤት ገብቼ ነው ያነበብኩት። ስህተት መሆኑን ሳውቅ መጣሁ።»

ሴትዮዋ አልሳቀችም። ኩለሮቹን ከፈተች፣ ላስቲኩን ገለጥ አድርጋ ሥጋውን በእጇ ጀርባ ነካችው፣ ቆጠረች። ሽንጡን ፈለገች፤ አገኘችው። «ቅዝቃዜው አትርፎልሃል» አለች። «ማን ሊበላው ነው?»

«ጎረቤቴ። ቃል ገብቼላታለሁ።»

የመጨረሻውን እግር እዚያው ኩለር ውስጥ አስቀመጠው። አሁን መሄድ ይችል ነበር፤ ግን አልሄደም። ሊጠይቅ የሚፈራውን ጥያቄ ሳይጠይቅ ከሄደ ሐሙስ ምን ሊል ነው? ኩለሩን ከድኖ ወደ ሴትዮዋ ዞረ።

«ወይዘሮ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔ ወንጀል ሠርቻለሁ?»

ሴትዮዋ አየችው። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አጋጥሟት እንደማያውቅ ያስታውቃል። ፀሐይዋን ቀና ብላ አየች፣ ሰዓቷን አየች፣ ኩለሮቹን አየች።

«ደንቡ በዕለቱ አውጣ ነው የሚለው። ዕለቱ አላለቀም። ሥጋው አልተበላሸም። ነገ ጠዋት እዚያ ባገኘው ኖሮ፣ አዎ። ዛሬ ግን አልሠራህም።»

ሚቅዳድ የኮሮላውን ጣሪያ ተደገፈ። ወዲያው ደግሞ ዕንባው መጣ፤ በጓንቱ ሊጠርገው ነበር፣ ትዝ ሲለው ተወው።

«ግን» አለች፤ «ይኼኛው ካርድ አሁን ውሸት ሆኗል። ሌላ ሙላ።»

አዲስ ካርድ ሰጠችው። ጓንቱን አውልቆ ስሙን ጻፈ፣ ቁጥሩን ጻፈ። «ሥጋውን ወስደዋል?» የሚለው ጋ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ሚቅዳድ፣ የሐርቡ ልጅ፣ በገዛ እጁ፣ በገዛ ስሙ። «የስ» ብሎ ጻፈ። በትንሹ ጻፈው፤ አላሰመረበትም።

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ በመኪናው ጥላ ሥር እጁንና ክንዱን ሰባት ጊዜ ታጠበ፤ አንዱን በበረሃው አፈር አሻሽቶ። ሰባተኛውን ሲጨርስ ስለ ቁጥሩ ተጠራጠረና ስምንተኛ ጨመረ። ልብሱን ለወጠ፣ ዐስሩን ሰገደ፣ ወደ ላስ ቬጋስ ነዳ። ማሪቤል ኩለሮቹን ስታይ እልል ማለት ብቻ ነበር የቀራት። በማግሥቱ በሩ ላይ አንድ ሳህን ዶሮ አገኘ፤ «አሳማ የለበትም» ተብሎ ተጽፎበታል፤ «የለበትም» የሚለው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ሐሙስ ጠዋት ሚቅዳድ ቀኝ እጁን አንሥቶ ማለ። በመታጠብ ብዛት የእጁ ቆዳ ተላልጧል። የታሪኩን ጥያቄ ሁሉ መለሰ። መኮንኑ ፎርሙን እያገላበጠ በአንድ ዓይነት ድምፅ ይጠይቃል፣ ሚቅዳድ ይመልሳል፣ እስክሪብቶው ምልክት ያደርጋል። ከዚያ ያች መጣች።

«ተይዘህ ባታውቅም እንኳ፣ ወንጀል ፈጽመህ ታውቃለህ?»

ሚቅዳድ በዓይነ ሕሊናው ወንዙን አየ፣ ካርዱን አየ፣ ፀሐይዋን ቀና ብላ ያየችውን ሴትዮ አየ።

«ኖ።»

ድምፁ ሰበር አለ። መኮንኑ ከፎርሙ ቀና ብሎ ተመለከተው። «እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ» አለ ሚቅዳድ። «ጠይቄ አረጋግጫለሁ።»

መኮንኑ ምልክቱን አደረገና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።

ሲወጣ አንድ ወረቀት ሰጡት። ፓርኪንጉ ውስጥ ቆሞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያነበው ፎቶ አንሥቶ ለዘይነባ ላከው፤ ዓይኑ ፊደል አልለይ ብሎት ነበር። ወዲያው ደወለች።

«እንግሊዝኛ ነው፣ ምን ይላል?» አለችው። «ቶሎ በለኝ፣ ነፍሴ ልትወጣ ነው።»

ሚቅዳድ ወረቀቱን ወደ ፊቱ አቀረበው፤ ሦስት ጊዜ አነበበው።

«የስ ነው የሚለው፣ ዘይነባ። አልፈሃል ነው የሚለው።»

ከወዲያ ማዶ አፍንጫ ሲሳብ ተሰማ፣ ከኋላዋም የኢናስ ድምፅ።

«ተሰምሮበታል?» አለችው ዘይነባ፤ እያለቀሰች።